«ኮምፒውተሩ ሞቷል»፦ የላስታ አቀበትና የሱማሌ ተራ ዋጋ

ከወልዲያ ተነስቶ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚያቀና መኪና አቀበት ላይ ድንገት ሲጠፋ፣ ኮፋኖ ተከፍቶ በመጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ኮምፒውተሩ ሞቷል»። ይህች ቃል ስንት ብር እንደምታስወጣ በደንብ የሚያውቀው፣ በሰው ምክር ብቻ ተነስቶ ከሱማሌ ተራ ዕቃ ያስመጣና መኪናው አሁንም አልነሳ ያለው ባለንብረት ነው።

በላስታ መኪና የገበያው እግር ነው። 11ዱን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ለማየት በአውሮፕላን የሚመጣ እንግዳ እንኳ ከአየር ማረፊያው እስከ ከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና መውጣት አለበት፤ ይምርሐነ ክርስቶስን ካሰበም መኪና ማፈላለጉ አይቀርም። ከተማዋ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ከርማ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ በመቆየቱ፣ ለባለንብረቱ የሥራ ቀን ብርቅ ሆኖበታል። ከነዚህ ቀናት ሦስቱን ወይም አራቱን ዕቃ በመጠበቅ ማቃጠል፣ በተለይ በገና ሰሞን፣ ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥ ኪሳራ ሊያስከትል ይችላል።

የቆዩ ሾፌሮች ላንድክሩዘርን ከነ«ዋን ኤች ዜድ» ሞተሩ እንደ ልጅ ሲሳሱለት ምክንያት አላቸው። ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራው ይህ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ናፍጣውን በሜካኒካል ፖምፓ ይረጫል፤ የሚሞት ኮምፒውተር የለውም። ቁልፍና መፍቻ የያዘ መካኒክ መንገድ ላይም ቢሆን አንድ መላ አያጣለትም።

«ዲ ፎር ዲ» የሚባሉት አባዱላዎች፣ ሃይሉክሶችና ፕራዶዎች ግን ሌላ ጣጣ ይዘው መጥተዋል። በእነዚህ ላይ ናፍጣው በአንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ እስከ 1,600 ባር በሚደርስ ግፊት ይታመቃል። ምን ያህል ናፍጣ፣ መቼ፣ በየትኛው ሲሊንደር እንደሚረጭ የሚያዘው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። በብዙዎቹ ላይ ደግሞ በኮምፒውተሩና በኢንጀክተሮቹ መካከል «ኢዲዩ» የሚባል ሌላ ሳጥን አለ፤ ሥራው የባትሪውን 12 ቮልት በብዙ እጥፍ ከፍ አድርጎ ኢንጀክተሮቹን ማስከፈት ነው። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ሳለ የኢንጀክተር ቧንቧ ማላላትም ሆነ ሶኬቱን በእጅ መነካካት ለሕይወት የሚያሰጋ ድፍረት ነው። በድሮው ሞተር የተለመደው ቧንቧ እያላሉ አየር ማስወጣት እዚህ አይሠራም።

ጥያቄው ታዲያ በእርግጥ የሞተው ሳጥኑ ነው ወይ የሚለው ነው። የዚህ ጸሐፊ ግምት፣ ከሳጥን በፊት መጠርጠር ያለበት ናፍጣው ነው የሚል ነው። ማደያ ሲደርቅ በጀሪካን የሚቀዳ ናፍጣ ውሃም አቧራም፣ አንዳንዴም ላምባ ይዞ ይገባል። ውሃው ፊልትሮውን አልፎ የፖምፓውን ረቂቅ ክፍሎች ይበላል፤ ላምባውም ናፍጣው ለፖምፓው የሚሰጠውን ቅባትነት ይቀንሳል። ፖምፓው ላይ የተሰካችውና የናፍጣውን መግቢያ የምትመጥነው ቫልቭ በቆሻሻ ስትያዝ ሞተሩ ይንገዳገዳል፣ ጉልበት ያጣል፣ አቀበት ላይ ይጠፋል፤ ምልክቱ ሁሉ «ኮምፒውተር» ይመስላል። ይህች ቫልቭ ለብቻዋ ትገዛለች፤ ዋጋዋም ከሳጥኑም ከሙሉ ፖምፓውም በእጅጉ ያነሰ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። በአቧራ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ ሲጨመርበት ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ ቢታይ የሚያስገርም አይሆንም፤ ሳጥን የሚያስቀይር ግን አይደለም።

ዲያግኖሲስ ማሽን የያዘ ሰውም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም። ማሽኑ «ፒ0200» ብሎ ቢያነብ፣ የኢንጀክተሮቹን የኤሌክትሪክ መስመር ጠቆመ እንጂ «አዲስ ኢዲዩ ግዛ» አላለም። «ፒ0627» ካለም ወደዚያችው የፖምፓ ቫልቭ የሚሄደውን መስመር መጠቆሙ ነው። ቁጥሩ የሚያሳየው ሰፈሩን ነው፤ ቤቱን የሚያገኘው ተራ የኤሌክትሪክ ቴስተር የያዘ ታጋሽ ሰው ነው። በቅድሚያ ባትሪው ሞተር ሲነሳ ቮልቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ይታያል፤ ቀጥሎ ፊውዝና ሪሌ፣ ከዚያም ከሳጥኑ ወደ መኪናው አካል የሚሄደው የኔጋቲቭ ገመድ። በጠጠር መንገድ ዓመት ሙሉ የተንቀጠቀጠ፣ ሞተሩም በግፊት ውሃ ሲታጠብ የኖረ መኪና ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ቢገኝ አይደንቅም። ገመዱን እየነቀነቁ ሞተሩ ሲጠፋና ሲነሳ ካዩ ሳጥኑ ነጻ ወጣ ማለት ነው። አራቱም ሲሊንደር በአንድ ጊዜ ከተቋረጠ ወደ ኢዲዩውና ወደ ኤሌክትሪክ መጋቢው መጠርጠር ያስኬዳል፤ አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ኢንጀክተሩ ወይም የራሱ ገመድ መሆኑ ይቀድማል።

ሳጥኑ መሞቱ ከተረጋገጠ በኋላም ነጋዴውን የሚያከስር ወጥመድ አለ። ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ገዳይ አይሞትም። የውስጥ ሽቦው የተቃጠለ ኢንጀክተር ወይም ተልጦ ከመኪናው አካል ጋር የሚነካካ ገመድ ኢዲዩውን ገድሎት ከሆነ፣ አዲሱንም ያንኑ ቀን ይገድለዋል። «ከጓደኛዬ መኪና ነቅለን እንሞክረው» የሚባለው ልማድም ለዚሁ ነው ሁለት መኪና የሚያቆመው። አራቱን ኢንጀክተሮች በቴስተር ለክቶ ንባባቸው ተቀራራቢ መሆኑን ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሚቀየረው ዋናው የሞተር ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ቁልፉን የሚያውቅ የስርቆት መከላከያ ባለባቸው መኪኖች ሳጥኑንና ቁልፉን ማስተዋወቅ ያስፈልጋል፤ በብዙ ዲ ፎር ዲዎችም በየኢንጀክተሩ አናት ላይ የተጻፈው ኮድ ወደ አዲሱ ሳጥን መግባት አለበት። ይህን የሚሠራ ማሽን ላሊበላ ከሌለ፣ ዕቃው ብቻውን መጥቶ መኪናውን አያስነሳም፤ ባለሙያውም ከነማሽኑ መምጣት አለበት ማለት ነው።

ግዢው ላይ ደላላውም ሆነ ገዢው ሊይዘው የሚገባው ዋና ነገር በሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ነው። በቶዮታ 89661 ብሎ የሚጀምረው የሞተር ኮምፒውተር፣ 89871 የሚለው ደግሞ የኢንጀክተር ኢዲዩ ነው። ከዚያ የሚቀጥሉት አምስት ቁጥሮች እንደ ሞዴሉና እንደ ሞተሩ ይለያያሉ። «ያው ነው፣ ይሠራል» የሚለውን ቃል ተቀብሎ ገንዘብ መላክ፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት ሱቅ ጋር መጋፈጥ ነው። ባለልምዱ ገዢ የአሮጌውን ሳጥን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ ያገለገለ ዕቃ ከሆነም በሻጩ ፊት ተገጥሞ ሳይሞከር ሂሳብ አይዘጋም።

ዋጋው እንደ ድሮው አለመሆኑም የታወቀ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። 400 ዶላር የሚያወጣ ሳጥን አለ እንበልና፣ በፊት 23,000 ብር ገደማ የነበረው ከ40,000 በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉም አሮጌውን መኪና አጥብቆ የመያዝ ፍላጎትን ስለጨመረ፣ የመለዋወጫ ፈላጊው ቁጥር የሚቀንስ አይመስልም።

ያገለገለ አባዱላ ወይም ፕራዶ ለላሊበላ መስመር ሊገዛ ያሰበም አንድ ነገር ያስተውል። ሻጩ ከማሳየቱ በፊት የጥፋት ኮዱን በማሽን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል፤ ቆሞ የሚንተከተክ ሞተር ላይ ማሽኑ «ችግር የለም» ይላል። ኮዱ የሚመለሰው ሞተሩ ሞቆ ጭነት ሲበዛበት ነው። ስለዚህ መኪናውን ሰው ሞልቶ እስከ አየር ማረፊያው ወርዶ አቀበቱን መልሶ መውጣት፣ ከዚያ ኮዱን እንደገና ማስነበብ፣ ቀብዱን ከዚያ በኋላ መስጠት።