የዱር ጄራኒየምን በአትክልት ቦታ ስለ መያዝ

ሊቃውንት ጄራኒየም አራቢኩም የሚሏት ትንሽ የዱር ተክል በኬንያና በኢትዮጵያ ደጋ ትበቅላለች። አበባዋ ነጭ ወይም ፈዛዛ ሐምራዊ ሆኖ ደማቅ መስመር አለበት። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በናይሮቢም ጥላና እርጥበት ካገኘች በአትክልት ቦታ ትለምዳለች። በሸክላ ተተክሎ በየደጁ የሚታየው ጄራኒየም ግን ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ዘመዷ ነው፤ እርሱ ፀሐይን ይወዳል።

ስለዚህ የዱሯን ከዛፍ ጥላ ሥር፥ ረዥሙ ዝናም በመጋቢት ሲጀምር ከነሥሯ ከፍሎ መትከል ይበጃል። ሣር እንቢ ያለበትን መሬት ሸፍና አፈሩን ከጎርፍ ትጠብቃለች።

ነገር ግን አበባው ሲረግፍ ፍሬው እንደ ወፍ መንቍር ይሾላል፤ በደረቀም ጊዜ ተፈናጥሮ ዘሩን እንደ ወንጭፍ ይወረውራል። ስለሆነም ባለቤቱ መንቍሩ አረንጓዴ ሳለ ማጨድ፥ በጎመን መደብ የበቀለውንም ቡቃያ አፈሩ ሳይደርቅ ከነሥሩ መንቀል ይገባዋል። ይህ ሥራ ቸል ከተባለ፥ ለጌጥ የተተከለችው ለምግብ የተዘራውን ትሻማለች።