መኪናዋ በእውነት ስንት ነዳጅ ትጠጣለች?

እህቶቼ፣ እዚህ አል ሂላል አርብ አርብ ለምክር የምትመጡት ስለ ደመወዝና ስለ ማዳም ብቻ አይደለም። አገር ቤት ስለተገዛች መኪናም ነው። አንዲት እህት ዓመታት ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ልካ ለወንድሟ ወይም ለባሏ መኪና ትገዛለች። ከዚያ ወር በወር «ነዳጁ በላኝ፣ ትንሽ ላኪልኝ» የሚል ስልክ ይመጣል። እሷ ትጠራጠራለች፣ እሱ ይከፋዋል። ብዙ ጊዜ ግን ማንም ሳይዋሽ መኪናዋ ስትገዛ ከተባለው በላይ ትጠጣለች። እኔም ሰው ቤት ሠርቼ ያለፍኩ ነኝና 1,000 ሪያል በምን ድካም እንደሚገኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ከመጣላት በፊት ቁጥሩን እንወቅ።

የወረቀቱ ቁጥርና የመንገዱ ቁጥር

እንደ ሱዙኪ ቪታራና ቶዮታ ራቭ ፎር ያሉት ከፍ ያሉ ትንንሽ መኪኖች ለኮረኮንችም ለቤተሰብም ስለሚመቹ አገራችን ውስጥ ይፈለጋሉ። ደላላው «በሊትር 18 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ቢል ቁጥሩን ከፋብሪካው ወረቀት አግኝቶት ይሆናል። 1.6 ሊትር ሞተር ላላት ቪታራ በቀድሞው የአውሮፓ መለኪያ የተጻፈላት ለ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ተኩል ገደማ ነው። ይህም በሊትር 18 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ያ መለኪያ ግን የሚካሄደው አዳራሽ ውስጥ፣ መኪናዋ በሚሽከረከር ብረት ላይ ሆና፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል ነበር። ዳገትም መጨናነቅም የለም። በ2010ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ አዳዲስ መኪኖች መንገድ ላይ ሲወጡ ከወረቀቱ 40 በመቶ ያህል አብልጠው ይጠጡ ነበር። በዚህ ሒሳብ 5 ሊትር ተኩሉ ወደ 8 ሊትር ይጠጋል። ከ2017 ጀምሮ መለኪያው ጠበቅ ተደርጓል። ሆኖም የአውሮፓ ኮሚሽን በ2021 የተመዘገቡትን የቤንዚን መኪኖች ሲያይ ልዩነቱ አሁንም 24 በመቶ ገደማ ነበር።

ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚያስወጣውን ዳገት፣ መገናኛ ላይ መቆም መነሣቱን፣ የሞተሩንም እርጅና ስትጨምሩበት ቁጥሩ ከዚያም ያልፋል።

ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል

ሹፌሩ ነዳጅ ሙሉ ይሙላና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፎቶ ያንሣ። እንደተለመደው ይንዳ። እንደገና ሙሉ ሲሞላ የገባውን ሊትርና አዲሱን ኪሎ ሜትር ይላክላችሁ። ሊትሩን በተሄደው ኪሎ ሜትር አካፍሉና በ100 አባዙት። 400 ኪሎ ሜትር ሄዳ 36 ሊትር ከገባላት፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ትጠጣለች። ወረፋ በዝቶ ሙሉ መሙላት ካልተቻለ የወሩን ሊትር በሙሉ ደምሩና በወሩ ኪሎ ሜትር አካፍሉ።

ማስረጃውም አይቸግርም። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት እንዲሆን ከተደረገ ወዲህ እያንዳንዱ ክፍያ ስልክ ላይ ይመዘገባል። «ሰረቅክ» ከማለት «ወንድሜ፣ የወሩን አብረን እንየው» ማለት ይሻላል።

አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል፤ ለሒሳብ እንዲመች 120 ብር እንያዝ። መኪናዋ በወር 2,000 ኪሎ ሜትር ብትሠራ፣ በ8 ሊትር ሒሳብ 160 ሊትር፣ በ11 ሊትር ሒሳብ ደግሞ 220 ሊትር ትጠጣለች። የ60 ሊትር ልዩነት በወር 7,200 ብር ነው። በዕለቱ ምንዛሪ ወደ ሪያል ቀይሩትና የስንት ቀን ሥራችሁ እንደሆነ እዩት።

ነዳጅ የሚያባክነው ምንድን ነው?

*ቆሞ ሞተር ማስነሣት።* አል ሂላል ሱቅ ደጃፍ ላይ ኤሲ እንደተከፈተ የሚቆሙትን መኪኖች ታውቃላችሁ። እዚህ ሊትሩ 2 ሪያል ገደማ ስለሆነ ማንም አይቆጥረውም። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው ግን ቆሞ የሚሠራ ሞተር በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ይጨርሳል። አገር ቤት ደንበኛ እየጠበቁ ሞተር ማስነሣት ብር ማቃጠል ነው።

*ጥድፊያ።* ነዳጅ ረግጦ መነሣት፣ ወዲያው ፍሬን መያዝ። በተጨናነቀ መንገድ ይህ ብቻ ፍጆታውን ከ10 እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ቀስ ብሎ መነሣትና የፊቱን መንገድ አይቶ እግርን ቀድሞ ማንሣት ምንም አያስከፍልም።

*ኤሲ።* በኃይለኛ ሙቀትና በአጭር መንገድ ሩብ ያህል ሊጨምር ይችላል። አዲስ አበባ አየሯ ደግ ስለሆነ ብዙ ጊዜ መስኮት ይበቃል።

*ጎማና ጭነት።* ንፋሱ የጎደለ ጎማ መኪናዋን ያከብዳል። ትክክለኛው ልክ በሹፌሩ በር ማቀፊያ ላይ ተጽፏል፤ ጎሚስታው ጋ በየሁለት ሳምንቱ ይታይ። የማያስፈልግ ዕቃ ከኋላ ይውረድ። ባዶ ፖርቶመጋላም ከተቻለ ይፈታ፤ ንፋስ እየያዘ ነዳጅ ያስጨርሳል።

*ሰርቪስ።* ዘይት፣ ፊልትሮና ካንዴላ በጊዜያቸው ይቀየሩ። አጠጣጧ ድንገት ከጨመረ ከወንድም በፊት መካኒክ ይጠየቅ።

ገና ላልገዛችሁ

ከጥር 2016 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ የሚቀርብላችሁ የቤንዚን መኪና አስቀድሞ አገር ውስጥ የነበረ፣ ብዙ ጊዜም ያገለገለ ነው። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት መካኒክ ይየው፤ ሻጩም ከፈቀደ ሙሉ ነዳጅ ተሞልቶ ከ100 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ይነዳ። ሊብሬው በማን ስም እንደሚሆንም ቀድማችሁ ተስማሙ። የወር ነዳጁን ማን እንደሚሸፍንም በዚያው ቀን ይነጋገሩበት፤ ቢቻል መኪናዋ ራሷ ሠርታ ትጠጣ። የእናንተ ደመወዝ የራሳችሁ መመለሻም ነውና።