አቃፊ ውህዶችና የሙሙቶች ክምችት

በውኃ የሟሟን ነገር መልሰን ለማግኘት ስናስብ አስቀድሞ የሚመጣልን እሳት ነው፤ ውኃው ይተናል፣ ሟሚው ይቀራል። ይሁን እንጂ 1 ኪሎ ግራም ውኃን በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማትነን 2,257 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ያስፈልጋል። ሙሙቱ የፍራፍሬ ጭማቂ ከሆነ ደግሞ መዓዛውና ቫይታሚን ሲው ይጎዳሉ።

አቃፊ ውህዶች ሌላ መንገድ ያሳዩናል። በእነዚህ ውህዶች ውስጥ እንግዳው ሞለኪውል በአስተናጋጁ ክፍተት ውስጥ ይቀመጣል እንጂ በኬሚካዊ ትስስር አይጣመረውም። የፕሮፔን ጋዝ በጥቂት ከባቢ አየር ግፊት ወደ ቀዝቃዛ ሙሙት ሲገባ፣ የውኃ ሞለኪውሎች በዙሪያው እንደ ጎጆ ተያይዘው ይረጋሉ። ለ1 የፕሮፔን ሞለኪውል ቢያንስ 17 የውኃ ሞለኪውሎች ይሰለፋሉ። ጨውም ሆነ ስኳር በዚህ ጎጆ ቦታ ስለሌላቸው በቀሪው ፈሳሽ ውስጥ ይከማቻሉ። ክሪስታሉ ተለይቶ ግፊቱ ሲቀነስ ጋዙ ለዳግም አገልግሎት ይወጣል፤ ንጹሕ ውኃም ይገኛል።

ኬሚስቶች ሃይድሬቶችን ከሃምፍሪ ዴቪ ዘመን፣ ከ1811 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያውቋቸዋል። ታዲያ ዘዴው ስለምን ማትነንን አልተካም? ችግሩ ከጎጆው ውጭ ነው። ክሪስታሎቹ ደቃቅ በመሆናቸው የተከማቸው ፈሳሽ በመካከላቸው ይያዛል፤ በገጻቸውም ላይ ይጣበቃል። በውኃ ብናጥባቸው ከሟሚው ከፊሉ ከእጥበቱ ጋር ይሄዳል፤ ባናጥባቸው ውኃው አይጠራም።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የማሳስበው ይህን ነው፦ ሞለኪውሎችን መለየት የሥራው እኩሌታ ነው፤ የቀረው እኩሌታ ጠጣሩን ከፈሳሹ መለየት ነው።