የፓምፑን ጉዳት ሳይለዩ መለዋወጫ መግዛት ኪሣራ ነው

ከባሮ ወንዝ ውኃ የሚስብ ፓምፕ ሲደክም ባለቤቱ በቅድሚያ የሚያስበው ውኃውን የሚያሽከረክረውን ኢምፔለር መለወጥ ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጋምቤላ ይገባል። ሆኖም የአሮጌው ብረት ጠባሳ ሳይመረመር ከተጣለ ብልሽቱ በቀጣዩ በጋ ሊመለስ ይችላል።

በወንዝ ዳር ሁለት ጉዳቶች ይምታታሉ። አንደኛው የአሸዋ ነው። ክረምት ላይ ከደጋ የሚወርደው ደለል ኢምፔለሩን ይሞርደዋል። ብረቱ ይለሰልሳል፣ ጠርዙ ይሳሳል፣ ውኃው በሄደበት አቅጣጫ ቦይ ይወጣለታል። ክፍተቱ ስለሚሰፋም ውኃው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የሚቃጠለው ነዳጅ እምብዛም ሳይቀንስ ማሳ የሚደርሰው ውኃ ያንሳል። እዚህ ላይ ጠንከር ካለ ብረት የተሠራ መለዋወጫ መግዛት ያዋጣል።

ሁለተኛው ካቪቴሽን የሚባለው ነው። የወንዙ ውኃ ከፓምፑ እጅግ ዝቅ ሲል በመሳቢያው በኩል ግፊቱ ይወድቅና ውኃው ሳይሞቅ ይፈላል። አረፋዎቹ ግፊት ካለበት ሲደርሱ ተጨፍልቀው ብረቱን ይቦረቡሩታል። ምልክቱ በክንፎቹ መግቢያ አካባቢ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ሸካራ ገጽ ነው፤ ፓምፑም ጠጠር የዋጠ ይመስል ይንኳኳል። ይህን ጉዳት አዲስ ኢምፔለር አያድነውም።

ጋምቤላ ከባሕር ወለል በ500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በስሌት ውኃን እስከ 9.7 ሜትር ያነሳል፤ በአዲስ አበባ 7.7 ሜትር ያህል ነው። በተግባር ግን ሁለቱም ቁጥሮች ብዙ ይቀንሳሉ። ከዚህ አንጻር ቆላው ለፓምፕ ይመቻል፤ ችግሩ ወንዙ ነው። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ የወንዞች ሙላት የካሩቱሪን የበቆሎ እርሻ ማጥለቅለቁ ይታወሳል። ጎርፍ የፈራ ባለሀብት ፓምፑን ከፍ አድርጎ ይተክላል፤ ባሮ በበጋ በርካታ ሜትር ሲወርድ ካቪቴሽን ይጀምራል። ከውኃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ መድረክ ወይም ውኃ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ዋጋው ቢበዛም ሊታሰብበት ይገባል።

ያገለገለ ፓምፕ የሚገዛ ሰው ደላላው በሚያሳየው አዲስ ቀለም መርካት የለበትም። ክዳኑ ይከፈትለት። ኩሽኔታው ከቦታው ተዛብቶ ከተበላ ሞተሩና ፓምፑ በአንድ መስመር አልገጠሙም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሲሉ በሙቀት ከተሰነጣጠቀ ፓምፑ ያለ ውኃ ሠርቷል ተብሎ ይጠረጠራል። ዋጋ የሚቆረጠው ከዚህ በኋላ ነው።