ማየትና መመልከት፦ ከአትክልት ተራ እስከ ጨረቃ ተራሮች

የሳይንስ ተማሪ በነበርኩባቸው ዓመታት መኖሪያዬ በፒያሳ ከአትክልት ተራ ብዙም የማይርቅ በመሆኑ ከአራት ኪሎ ስመለስ ገበያውን አቋርጬ አልፍ ነበር። እንደ ብዙው መንገደኛ ሁሉ አፍንጫዬን ይዤ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ፣ ከተሸካሚዎች ትከሻ እየተጠነቀቅኩ ነበር የማልፈው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሥነ ጥበብ ተማሪ ከሆነ ጓደኛዬ ጋር ስናልፍ፣ ሰማያዊ ሸራ ከተወጠረበት ጥግ ወደተከመረ ነጭ ሽንኩርት እያመለከተ «ይህ ሽንኩርት ምን ዓይነት ቀለም አለው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ስሙን ራስህ እየጠራኸው! ነጭ ነው እንጂ» አልኩት።

ጓደኛዬ ምንም ሳይከራከር ከደብተሩ አንድ ቅጠል ገነጠለና እንደ ቱቦ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ፀሐይ ላይ እንደቆምን አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በቱቦው ቀዳዳ ወደ ሽንኩርቱ ብቻ ተመለከትኩ። ያየሁት ነጭ አልነበረም፤ የደመና ጠርዝ የመሰለ ፈዛዛ ሰማያዊ ነበር። ቱቦውን ከዓይኔ ባነሳሁ ጊዜ ግን ሽንኩርቱ ተመልሶ «ነጭ» ሆነ። በዚያን ሰሞን ስለ ብርሃን ነጸብራቅ ፈተና ተፈትኜ ጥሩ ውጤት አግኝቼ ነበር። ከዓይኔ ፊት ያለውን ነጸብራቅ ግን ያሳየኝ ፊዚክስ ያልተማረ ሰው ነው።

ለመሆኑ ሠዓሊ ከእኛ የተለየ ዓይን አለውን? መልሱ የለውም ነው። የተለየው ዓይኑ ሳይሆን የአጠቃቀም ልማዱ ነው። ይህ ልማድ ምን እንደሆነ፣ ለሳይንስ ተማሪስ ምን እንደሚጠቅም በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ዓይን የሚቀበለው፣ አንጎል የሚወስነው

በዓይናችን የውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚገኘው ሬቲና የተባለ ስስ ሽፋን ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሴሎች አሉት። ወደ 120 ሚሊዮን የሚጠጉት ሮድ ሴሎች በደብዛዛ ብርሃን ይሠራሉ፤ ቀለም ግን አይለዩም። 6 ሚሊዮን ገደማ የሆኑት ኮን ሴሎች ደግሞ በቂ ብርሃን ሲኖር ቀለምንና ዝርዝርን ይለያሉ። ኮን ሴሎች እጅግ ተጠጋግተው የሰፈሩት በሬቲናው መካከል ባለች ጠባብ ስፍራ ነው። በዚህች ስፍራ አጥርተን የምናየው 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ክንዳችንን ዘርግተን የአውራ ጣታችንን ጥፍር ስንመለከት ጥፍሩ ከሚሸፍነው ቦታ ብዙም አይበልጥም።

እንግዲህ ገበያውን በሙሉ በአንድ ጊዜ አጥርተን ያየን ቢመስለንም፣ በእርግጥ አጥርተን የምናየው ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ነው። የቀረውን አንጎላችን ከትውስታና ከግምት ይሞላዋል። ለዕለት ኑሮ ይህ ትልቅ በረከት ነው። ከፊታችን የሚመጣውን ተሸካሚ ለመሸሽ የኩንታሉን እያንዳንዱን ክር ማየት አያስፈልገንም። ጉዳቱ ግን «ቲማቲም»፣ «ሰው»፣ «ጥላ» የሚለውን ስም ካገኘን በኋላ ማየት ማቆማችን ነው።

የነጭ ሽንኩርቱም ምስጢር ይኸው ነው። በሰማያዊ ሸራ ውስጥ አልፎ የሚመጣው ብርሃን ሰማያዊ ስለሆነ ከሽንኩርቱ ተንጸባርቆ ወደ ዓይን የሚደርሰውም ሰማያዊ ነው። አንጎል ግን በዙሪያው ያለውን ሁሉ አነጻጽሮ የብርሃኑን ቀለም ይቀንስና የዕቃውን ቀለም ብቻ ያስቀርልናል። ይህን ችሎታ የቀለም ጽናት ልንለው እንችላለን። ችሎታው ባይኖረን ኖሮ አንዱ ሎሚ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሦስት ልዩ ልዩ ፍሬ በመሰለን ነበር። የወረቀቱ ቱቦ ያደረገው አካባቢውን በመጋረድ አንጎልን ማነጻጸሪያ ማሳጣት ነው። ሠዓሊ በብዙ ልምምድ ይህንን ያለ ቱቦ ለማድረግ ይጥራል።

ቀይ ከአረንጓዴ ጎን

በአትክልት ተራ ቲማቲም በቃሪያ ጎን ተደርድሮ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነበር። እንዲህ በተደረደረ ጊዜ ቲማቲሙ ከወትሮው ይልቅ የቀላ፣ ቃሪያውም የለመለመ ይመስላል። ይህንን ክስተት በጥልቀት ያጠናው ሚሼል ኤዠን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። ሼቭረል በፓሪስ ጎብለን በተባለው የምንጣፍና የመጋረጃ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታ ይቀርብለት ነበር። ቀለሙን ቢመረምር አንዳች ጉድለት አጣበት። ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን የጎረቤቱ ነበር፤ ጥቁሩ ክር የደበዘዘው ከጎኑ በተሸመነው ቀለም ምክንያት ነው። ግኝቱን በ1839 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ካሳተመው በኋላ የዘመኑ ሠዓሊዎች እንደ መማሪያ መጽሐፍ ተጠቀሙበት።

ምክንያቱን ዛሬ በተሻለ ሁኔታ እናውቃለን። የዓይናችን የነርቭ ሥርዓት ቀለማትን የሚያስተናግደው በተቃራኒ ጥንዶች ነው፦ ቀይ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከቢጫ። በአንድ ስፍራ የቀይ ምልክት ሲበረታ አጠገቡ ያለውን ወደ አረንጓዴ ይገፋዋል። ስለዚህ ቀለም በጎረቤቱ የሚለካ ነገር ነው።

ሌላም አለ። ፀሐይ ጠልቃ መብራት ሳይበራ ባለችው አጭር ጊዜ በቀን እንደ ፍም የሚቀላው ቲማቲም ጠቁሮ ሲታይ፣ አጠገቡ ያለው ጥቅል ጎመን ግን በአንጻሩ ፈካ ይላል። ይህንን ለውጥ በአበቦች ላይ ያስተዋለው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የቼክ ተወላጅ ሳይንቲስት ያን ፑርኪንዬ ነው። በቀን የሚሠሩት ኮን ሴሎች በጥቅሉ ይበልጥ የሚነቁት 555 ናኖ ሜትር አካባቢ ላለ ብርሃን ሲሆን፣ በምሽት የሚረከቧቸው ሮድ ሴሎች ግን 500 ናኖ ሜትር አካባቢ ላለው ነው። ለሮድ ሴሎች ቀይ ብርሃን የለም ማለት ይቻላል። ቲማቲሙ የጠቆረው ራሱ ተለውጦ አይደለም፤ እኛ የምናይበትን ሴል ስለለወጥን ነው።

ቁልቁል ቸርችልን፣ ሽቅብ እንጦጦን

ከፒያሳ ወደ ለገሃር የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና ከላይኛው ጫፍ ቆማችሁ ተመልከቱ። እርሳስ በቀጥታ በተዘረጋ ክንድ ያዙ፤ ከዓይናችሁ 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። ቁመቱ 1.7 ሜትር የሆነ ሰው 10 ሜትር ርቀት ላይ ቢቆም በእርሳሱ ላይ 10.2 ሳንቲ ሜትር ይይዛል። 20 ሜትር ሲርቅ 5.1፣ 40 ሜትር ሲርቅ ደግሞ 2.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በሬቲና ላይ የሚያርፈው ምስልም በዚሁ መጠን ያንሳል። ነገር ግን ሰውየው ወደ ድንክነት ሲለወጥ አይታየንም፤ አንጎል ርቀቱን አስልቶ ቁመቱን ይመልስለታልና። ለዚህም ነው ጀማሪ ሠዓሊ የሩቁን ሰው አለመጠን አግዝፎ የሚሥለው። ሠዓሊዎች እርሳስ ዘርግተው አንድ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ማየታችን ለታይታ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ የሚያውቁትን ከሚያዩት ለመለየት እየለኩ ነው።

አሁን ደግሞ ፊታችሁን ወደ ሰሜን መልሱ። የእንጦጦ ተራራ በባሕር ዛፍ የተሸፈነ አረንጓዴ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከሩቅ ሲታይ ግን ወደ ሰማያዊነት ያደላል። በእኛና በተራራው መካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ ይልቅ ይበትናል። ብተናው የሞገድ ርዝመቱ አራተኛ ኃይል ተገላቢጦሽ ስለሆነ፣ 450 ናኖ ሜትር የሆነው ሰማያዊ ብርሃን 650 ናኖ ሜትር ከሆነው ቀይ ከ4 ጊዜ በላይ ይበተናል። ፊዚክሱ ከመታወቁ ከ300 ዓመታት በላይ አስቀድሞ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሩቅ ተራራ በሰማያዊ መሣል እንዳለበት ጽፎ ነበር። ሊዮናርዶ ቀመሩን አላወቀም፤ ነገር ግን ዓይኑ ያየውን አእምሮው በሚያውቀው አልሸፈነበትም።

ሥዕል የተማረው ጨረቃን ሲያይ

ይህ ሁሉ ለሳይንስ ሰው ምን ይፈይዳል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በ1609 እ.ኤ.አ. የሆነውን እናስታውስ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቶማስ ሃሪየት ቴሌስኮፑን ወደ ጨረቃ አቅንቶ ያየውን በወረቀት አስፍሯል። ብርሃኑና ጨለማው የሚለያዩበትን መስመር ወጣ ገባ አድርጎ ሠራው፤ መስመሩ ለምን እንደተጎረበጠ ግን አልተናገረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ጋሊሊዮ ጋሊሌይ ያንኑ መስመር ሲመለከት ተራራና ሸለቆ አየ። በጨለማው ወገን ተነጥለው የሚያበሩትን ነጥቦች የንጋት ፀሐይ ቀድማ የነካቻቸው የተራራ ጫፎች ናቸው አለ፤ ከዚያም አልፎ ቁመታቸውን በጂኦሜትሪ አሰላ። ግኝቱንም በ1610 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

በእርግጥ የጋሊሊዮ ቴሌስኮፕ ከሃሪየት ይልቅ ያቀርብ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎች ልዩነቱ በመስተዋቱ ብቻ እንዳልሆነ ይናገራሉ። ጋሊሊዮ በወጣትነቱ ሥዕል የተማረ፣ ብርሃንና ጥላ የአንድን አካል እብጠትና ጉድጓድ እንዴት እንደሚገልጹ የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1613 እ.ኤ.አ. የፍሎረንስ የሥዕል አካዳሚ አባል አድርጎ መርጦታል። ሃሪየትም የጋሊሊዮ መጽሐፍ ከወጣ በኋላ ጨረቃን እንደገና ሲሥል በፊት ያላሳያቸውን ጉድጓዶች አስገባ። ጨረቃ አልተለወጠችም፤ የተመልካቹ ዓይን ተማረ እንጂ።

በማይክሮስኮፕም ዓለም እንዲሁ ሆኗል። የነርቭ ሴሎችን አወቃቀር አብራርቶ በ1906 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተጋራው ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል በልጅነቱ ሠዓሊ የመሆን ምኞት ነበረው። በእጁ የሣላቸው የነርቭ ሴሎች ዛሬም ይጠናሉ። በእኛ ላብራቶሪዎች ግን በማይክሮስኮፕ ከሚታየው ይልቅ በመማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሴል ገልብጦ የሚያስረክብ ተማሪ ጥቂት አይደለም። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ።

የእኛ ሠዓሊዎች ምን ያያሉ?

የሠዓሊ ዓይን ብርሃንን ብቻ የሚለካ መሣሪያ ነው ማለት ግን አይደለም። በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን በኩል በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህ የጂኦሜትሪ አለማወቅ ሳይሆን ሌላ ጥያቄን የሚመልስ አሣሣል ነው፤ ሠዓሊው የሚጠይቀው «ይህ ሰው በየት ቆሟል?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ሰው ማነው?» ብሎ ነው።

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ ተመልሶ የመጣው ግን ሠዓሊ ሆኖ ነው። በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው፣ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር የሆነው የመስታወት ሥዕሉ ቀለሙን የሚያገኘው ውስጡ ከሚያልፈው የቀን ብርሃን በመሆኑ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ከአትክልት ተራ በእግር በሚደረስበት በአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም ሥራዎቹ ይገኛሉ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ በጀርመን አገር ተምሮ በ1962 እ.ኤ.አ. ሲመለስ፣ የነገሮችን ስም ትቶ በቅርጽና በቀለም ብቻ በመሣሉ ብዙ ነቀፌታ ደርሶበታል። ነጭ ሽንኩርት መሆኑን ረስቶ ሰማያዊውን ብቻ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ የተረዳ ሰው የእርሱን ሥራ በሌላ ዓይን ያያል። ሥራዎቹን ማየት ለሚሻ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ።

እንለማመድ

ከዚህ የሚከተሉት ልምምዶች እርሳስና ወረቀት ብቻ ይጠይቃሉ።

1. ወረቀት ጠቅልላችሁ በቱቦ የአንድን ነጭ ግድግዳ ልዩ ልዩ ክፍሎች ተመልከቱ። ስንት «ነጭ» አገኛችሁ?

2. ዓይናችሁን በከፊል ጨፍናችሁ አንድን መንገድ እዩ። ዝርዝሩ ጠፍቶ ትልልቆቹ የብርሃንና የጥላ ክፍሎች ብቻ ይቀራሉ። ሠዓሊ ሥራውን የሚጀምረው ከእነዚህ ነው።

3. ወንበርን ሳይሆን በወንበሩ እግሮች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሣሉ። ባዶ ቦታ ስም ስለሌለው አንጎል ሊያታልላችሁ አይችልም።

4. አንድን ስፍራ ጠዋት፣ ቀትርና ምሽት ላይ በተመሳሳይ ቦታ ቆማችሁ ሣሉ፤ ልዩነቱንም በጽሑፍ መዝግቡ።

ሥዕሉ ማማር የለበትም። ዓላማው ዓይንን ከመንገደኛነት ወደ ተመልካችነት ማሸጋገር ነው።

በመጨረሻም ወደ ተነሣንበት እንመለስ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተወሰደ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። በቅርቡ ታናሽ ወንድሜ «አትክልት ተራ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ቢጠይቀኝ «ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ጭቃ፣ ሰው» ከማለት በቀር የምለው አጣሁ። ለዓመታት ባለፍኩበት ስፍራ ስሞችን እንጂ መልክን አልያዝኩም። በግልጽ የማስታውሰው በደብተር ቱቦ ያየኋትን አንዲት ሰማያዊ ቁራጭ ብቻ ነው፤ እርሷንም ቆሜ ስለተመለከትኳት ነው።

እናንተ በየቀኑ የምታልፉበት መንገድ ዛሬም በስፍራው አለ። ነገ ስታልፉ ለአምስት ደቂቃ ቁሙና ተመልከቱት።