የኦቨን አትክልት፦ ለማዳም ቤትም ለአንቺም ጾም

እህቴ፣ ሲብ ውስጥ ባሉ ብዙ ቤቶች ምሳ ሲባል ሩዝ ከሥጋ ወይም ከዓሣ ጋር ነው። ለምትጾም ልጅ ረቡዕና አርብ ሲመጣ "ዛሬ ደግሞ ምን ልብላ?" ማለት አይቀርም። በኦቨን የሚጠበስ አትክልት እዚህ ላይ ይረዳሻል። ለቤቱ ሰው ከሥጋው ጎን ይቀርባል፤ ቅቤ ስለሌለው አንቺም በጾምሽ ትበዪዋለሽ።

የሚያስፈልግሽ (ለ5 ሰው ያህል)

- 3 ድንች (ባታታ) እና 3 ካሮት (ጀዘር)
- 2 ዝኩኒ (ኩሳ) እና 1 ደበርጃን (ባዲንጃን)
- 2 ሽንኩርት (በሰል)
- 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ ከሙን

በቅንፍ ያለው የዐረብኛው ስም ነው፤ ዕቃ ስታስገዢ ይጠቅምሻል።

አሠራሩ

1. ኦቨኑን 200 ዲግሪ ላይ አሙቂው።
2. አትክልቱን አጥበሽ በደንብ አድርቂው። እርጥብ ከሆነ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።
3. ሁሉንም በእኩል መጠን ክተፊ፤ ከዘይቱ፣ ከጨውና ከከሙኑ ጋር በእጅሽ እሺው።
4. ድንቹንና ካሮቱን ትሪ ላይ ሳይደራረብ ዘርግተሽ 20 ደቂቃ አቆዪው።
5. ዝኩኒ፣ ደበርጃንና ሽንኩርት ቶሎ ስለሚበስሉ ያኔ ጨምሪና ሌላ 20 ደቂቃ ተዪው። ጫፉ ቡናማ ሲሆን ደርሷል።

በርበሬ ካለሽ ሲወጣ ነስንሺበት፤ ቀድመሽ ካደረግሽው አርሮ ይመራል። ኦማኖች የሚወዱት የደረቀ ሎሚ (ሉሚ) ዱቄትም ይስማማዋል። አትክልት ብቻውን ግን ጉልበት አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ስለምትሠሪ የተቀቀለ ሽምብራ ወይም ምስር ጨምሪበት።

ኦቨኑ ጋዝ ከሆነ

መጀመሪያ የኦቨኑን በር ክፈቺ፣ ክብሪቱን ጫሪ፣ ከዚያ ማዞሪያውን አዙሪ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጪ፤ ጋዙ ውስጥ ተጠራቅሞ ከቆየ በኋላ እሳት ሲነካው ፊት ላይ ይፈነዳል። ካልበራልሽ ዝጊው፣ መስኮት ክፈቺ፣ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ጠብቂ። ቤት ውስጥ ጋዝ ከሸተተሽ ክብሪትም የመብራት ማብሪያም አትንኪ፤ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ።

ትሪ ስታወጪ ደረቅ ወፍራም ጨርቅ ያዢ። እርጥብ ጨርቅ ሙቀቱን ወዲያው ወደ እጅሽ ያሳልፋል።

ከተቃጠልሽ

ቀለበትና አምባር ቶሎ አውልቂ፤ ቦታውን 20 ደቂቃ በቀዝቃዛ ውሃ አቆዪው። የሲብን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ በሰኔና በሐምሌ ጣሪያ ላይ ካለው ታንከር የሚወርደው ውሃ ራሱ ትኩስ ነው። ስለዚህ ከማቀዝቀዣው የመጠጥ ውሃ ቀድተሽ አፍስሺበት። በረዶ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም ዘይት አትቀቢ፤ የተቋጠረውን ውሃም አታፍርጪ። ቃጠሎው ከመዳፍሽ ከሰፋ ወይም ፊትሽንና መገጣጠሚያሽን ከነካ ሐኪም ማየት አለበት። "ኢዲ ኢህተረቀት፣ አብጋ ሙስተሽፋ" በያቸው፤ "እጄ ተቃጥሏል፣ ሆስፒታል እፈልጋለሁ" ማለት ነው። አደጋው ከባድ ከሆነ 9999 ደውዪ፤ የኦማን የአደጋ ጥሪ ቁጥር ነው።

መብትሽን እወቂ

በኦማን የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት ከአጠቃላዩ የሠራተኛ ሕግ በተለየ ደንብ ነው። በዚያም ቢሆን ምግብ፣ ማደሪያና ሕክምና የአሠሪው ግዴታ ናቸው፤ ከደሞዝሽ የሚቆረጡ አይደሉም። ምግብ ማለት ደግሞ ሌላው በልቶ ሲተርፍ የምትለቃቅሚው ማለት አይደለም። ስለዚህ ትሪው ሲወጣ መጀመሪያ የራስሽን ሳህን አውጥተሽ አስቀምጪ። ማዳምን አስቀድመሽ "ዛሬ ጾም ነኝ፣ ከዚህ ነው የምበላው" ብትያት ብዙዎቹ ይገባቸዋል፤ እነሱም ረመዳንን ይጾማሉ።

ትሪው ኦቨን ውስጥ ባለበት ሰዓት ወንበር ስበሽ ቁጭ በይ። ማማሰል የለበትም፣ ራሱ ይበስላል።