እየተጫወተ የሚደማ ልጅ

ኩርሙክ ላይ ልጅ ታመመ ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ትክክልም ነው፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወባ ከሚበረታባቸው ክልሎች አንዱ ነው። አንዳንዱ ልጅ ግን ትኩሳት የለውም፤ ይበላል፣ ይሮጣል። እናቱን ያስደነገጣት ሳይመታ እግሩ መበለዙና ነስሩ አልቆም ማለቱ ነው። እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ነጠብጣቦችም ይኖራሉ፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ስለማይጎሉ ላንቃና የዓይን ቆብ ውስጥ መፈለግ ይሻላል።

ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶች መቅኔ ውስጥ ይሠራሉ፤ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 አለው። ልጁን እንዲህ በሚያደማው ሕመም የሰውነት መከላከያ የራሱን ፕሌትሌቶች እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ይለጥፍባቸዋል፤ ጣፊያም እየለቀመ ያጠፋቸዋል። ቁጥሩ ከ100,000 በታች፣ ብዙ ልጆች ላይ ከ20,000 በታች ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ጉንፋን ወይም ሌላ የቫይረስ ሕመም ካለፈ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው።

አጥፊው ደም ውስጥ መኖሩን ያሳየው ዊሊያም ሃሪንግተን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. የታማሚ ደም ራሱ ወሰደ፤ ፕሌትሌቶቹ በሰዓታት ውስጥ አሽቆለቆሉ። ዛሬ ማንም አይፈቅድለትም ነበር።

ሕመሙን ለይቶ የሚያረጋግጥ አንድ ምርመራ የለም፤ ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ነው የሚደረስበት። ወባም ፕሌትሌት ያወርዳል፤ ስለዚህ የማሽን ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ለወባ በስላይድ የሚቀባው ደም እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ የለመደ ዓይን የተጣበቁ ፕሌትሌቶችን ወይም የደም ካንሰር ሕዋሳትን ሊያይበት ይችላል። ትኩሳት፣ የአጥንት ሕመም፣ ያበጠ ንፍፊት ወይም ጣፊያ ካለ ሌላ በሽታ ይታሰባል።

ወላጅን የሚከብደው ሕክምናው ነው፤ ነጠብጣብና መበለዝ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አይሰጥም። ከ10 ልጆች 8 ያህሉ በዓመት ውስጥ ይድናሉ። ድዱ ወይም አፍንጫው አልቆም ብሎ ከደማ ለጥቂት ቀን ፕሬድኒሶሎን ይታዘዛል። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን አይሰጡ፤ ጡንቻ ላይ መርፌ ከመወጋቱም በፊት ለባለሙያው ይነገር። ጭንቅላት ውስጥ መድማት ከ100 ልጆች አንዱን እንኳ አይደርስም፤ ሆኖም ልጁ ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ ትውከት ወይም መፍዘዝ ከታየበት ነገ ሳይባል ወደ አሶሳ ሆስፒታል መሄድ አለበት።